ወደ ዳገቱ ውረድ

ማክሰኞ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ አገኘሁ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ባጃጅ ላይ ወጣ። ሰዓቱን በትክክል የሚያውቀው ታናሽ ወንድሙ ክንዴ ስልኩን አውጥቶ ዓይኑ ሥር ስለደቀነበት ነው።

«ጋሼ፣ እያት» አለው። «ዘጠኝ ከሃያ ትላለች። አሥር ሰዓት አለፍ ሳይል ደባርቅ ነህ። በዳማ ብትመጣ ኖሮ ይኸኔ ገና ኮርቻዋን ስታጠብቅ ነበር።»

ዳማ የአገኘሁ በቅሎ ናት። በዚያች ሰዓት በቡይት ራስ መንደር ከቤቱ ጓሮ ካለው ኮሶ ሥር ታስራ፣ ጆሮዋን ቀስራ ሁለቱን ወንድማማቾች ታይ ነበር። አገኘሁ አንድ እግሩን አንሥቶ ባጃጁ ላይ ሲያደርግ ዞር ብሎ አያት። ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበርና ወንድሙ እንዳያይበት ጋቢውን ወደ ታች ሳብ አደረገው።

አገኘሁ ፈሪ ሰው አልነበረም። አርባ ዓመት ሙሉ በቅሎ እየነዳ ከደባርቅ ጊች፣ ከጊች አምባራስ ሲመላለስ የኖረ ነው። በደጉ ጊዜ የውጭ አገር እንግዶችን፣ እንግዳ ሲጠፋ ደግሞ ገብስና ጨው ይጭን ነበር። ከታች አሞራ ሲበር ጀርባው የሚታይበት መንገድ ላይ፣ አንድ ክንድ በማትሞላ መርገጫ፣ እያንጎራጎረ ያልፋል። ገደል ለሱ የጎረቤት ያህል ነው፤ ያውቀዋል፣ ያከብረዋል፣ አይነካካውም። ባጃጅን ግን ይፈራ ነበር። ለራሱ ብሎ አይደለም የሚፈራው፤ ለክንዴ ነው። እናትና አባታቸው በአንድ ክረምት ሲሞቱ ክንዴ ስድስት ዓመቱ ነበር። አገኘሁ ሚስት ሳያገባ፣ ልጅ ሳይወልድ፣ እሱን በበቅሎ ጀርባ ላይ አሳደገው። ከአባታቸው ቤት የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እሱ ዕድሜው ሄዷል። የቤቱ ዘር የቀረው በክንዴ ላይ ነው፤ ክንዴ ደግሞ በሦስት ጎማ ላይ።

ልጁ ሰባት ዓመት ሲሆነው ያስተማረው የመጀመሪያ ነገር ፊደል አልነበረም። የበቅሎ ሕግ ነበር። «እግሯ ከከዳት ወደ ዳገቱ ውረድ። ልጓሙን ልቀቅ። እሷ ትሂድ፣ አንተ ቅር።» ይህን በቃል ብቻ አላስተማረውም። ሜዳ ላይ በቅሎዋን እያስሮጠ፣ ድንገት እየጮኸ፣ መቶ ጊዜ ሁለት መቶ ጊዜ አዘለለው። ክንዴ ጉልበቱ እየተላጠ ያለቅስ ነበር። አገኘሁ «አልቅስ፣ ግን ዝለል» ይለዋል። ምክንያቱም ገደል አፋፍ ላይ ማሰቢያ ጊዜ የለም። አካል ራሱ ማወቅ አለበት። እሱ ራሱ ሁለት ጊዜ የተረፈው በዚያ ነው። አንዴ በክረምት፣ ከጊች ሲወርድ፣ ጭቃ የከዳት በቅሎ ከነጭነቷ ገደል ስትገባ እሱ ሣር ጨብጦ ዳገቱ ላይ ተገኘ። መቼ እንደዘለለ እንኳ አላወቀም።

ክንዴ አድጎ ደባርቅ ወረደ፤ ባጃጅም ያዘ። ደባርቅ ውስጥ ባጃጅ እንደ አሸን ነው። የክንዴ ግን ተራ ባጃጅ አልነበረችም፤ ልጆቹ «ስፖርት» ከሚሏቸው አንዷ ናት። የጎኗ ሸራ ተነሥቶላታል። የፊቷ ሞላ ተቆርጦ፣ ልትዘል እንዳደፈጠች ድመት ዝቅ ብላለች። ከዳባት ያመጣው ሰፋፊ ጎማ ከኋላዋ ገብቷል፤ ማርሚታዋ ተቆርጦ ድምጿ ከሰፈር ማዶ ይሰማል። ቢጫ ቀለም ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አስቀብቷት «ነብሮ» ይላታል። ከኋላዋ በቀይ «ቀስ ብዬ ብሄድ ማን ያየኛል» የሚል ጽሑፍ አለ። ሰው ሁሉ ይወዳታል። ገበያተኛ ሌላውን ባጃጅ አሳልፎ እሷን ይጠብቃል። ከደባርቅ ዳባት ከሚሠሩት ሁሉ ቀድማ የምትደርስ እሷ ናት ይባል ነበር። ጓደኛው ያርጋል፣ እሱም ባጃጅ ነጂ ነው፣ ክንዴን «አንተ ሰው አትጭንም፤ ሰው ታስጨፍራለህ» ይለዋል።

ከዘጠኝ ቀን በፊት፣ በጥምቀት፣ አገኘሁ ወርዶ አይቶታል። ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ ሜዳው ላይ፣ ክንዴ ነብሮን እያዞረ እያዞረ በሁለት ጎማ አቆማት። አንዱ የኋላ ጎማ አየር ላይ ይሽከረከራል፣ ያርጋልና ሌላ አንድ ልጅ በዚያ በኩል ተንጠልጥለው ክብደት ይሰጧታል፣ ሴቱ እልል ይላል። አገኘሁ ከሰው ኋላ ቆሞ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ነበር። በዚያች ደቂቃ አንድ ሰው ትከሻውን ነክቶ «ወንድምህ ጀግና ነው» ሲለው፣ ነጠላውን ከአፉ ሳያነሣ ከሰው መሃል ወጣ።

ለመሳፈር ቃል የገባው ከዚያ በፊት ነው። በኅዳር መጀመሪያ የክንዴ ሚስት ስጦታ ሴት ልጅ ስትወልድ፣ ክንዴ ቡይት ራስ ድረስ መጥቶ ውረድና እያት፣ ነብሮ ውጭ ቆማለች ብሎ ለመነው። አገኘሁ ለማምለጥ ብሎ «ክርስትና ስትነሣ እሳፈርልሃለሁ» አለ። ሰማንያ ቀን ሩቅ መስሎት ነበር። የሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ግን ደረሰ። ነገ፣ ጥር 21፣ አስተርዮ ማርያም፣ ልጅቱ ትጠመቃለች፤ እናቷም ከወሊድ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ትገባለች። ቃል ደግሞ ቃል ነው።

ክንዴ ቦታውን ራሱ መረጠለት፤ ከኋላ፣ በስተቀኝ ጫፍ።

«ሦስት ጎማ ያለው ነገር ጠላቱ ኩርባ ነው፣ ጋሼ። ከፊት ያላት አንድ ብቻ ናት። ስትታጠፍ ቀጥ አድርጎ የሚይዛት የሰው ክብደት ነው። ስንወርድ ዳገቱ በቀኝህ ነው። ዘንበል በል ስልህ ወደ ዳገቱ ዘንበል ትላለህ። ሌላ ሥራ የለብህም።»

«ብትወድቅስ?»

«አንተ ካልወረድክ አትወድቅም» አለ ክንዴ እየሳቀ፣ ሞተሩንም አስነሣ።

አገኘሁ በግራ እጁ የጣሪያውን ብረት ያዘ። በቀኝ እጁ ደግሞ፣ ሌላ የሚጨበጥ ነገር ስላጣ፣ የወንድሙን ጃኬት ከትከሻው ላይ ጨመደደ። ክንዴ ይህን አየ። አንዴ ብቻ በስፔኪዮው ውስጥ ፈገግ አለ።

መንገዱ መጀመሪያ ላይ ሜዳ ነው። የገብሱ ማሳ ታጭዶ አልቋል፤ ራቅ ብሎ ሰዎች ይወቃሉ። ክንዴ ነዳጅ ሲሰጣት ነብሮ አገሳች፣ ነፋሱም በሁለቱም ጎን ገብቶ የአገኘሁን ጋቢ እንደ ባንዲራ አውለበለበው። እንባው መጣ። ዓይኑን ገለጠ። የአስታው ቁጥቋጦ፣ የጅብራው ግንድ፣ የድንጋይ ካቡ፣ ሁሉም ወደ ኋላ ይሮጣል። አንዲት ሸክም የያዘች ሴት ከመንገድ ወጣ ብላ «ኧረ አገኘሁ ነው» ስትል ሰማ። በአርባ ዓመት ውስጥ በዚህ መንገድ ላይ እንዲህ ቀሎት አያውቅም። በቅሎ ላይ ሰውየው ራሱ ተሸክሞ እንደሚሄድ ነው፤ ወገቡ ያውቀዋል። ይህ ግን የሕልም መንገድ ነው። ልጁ ለምን እንደሚወዳት ገባው። ሳያስበው አፉ ተከፈተ።

«ጋሼ ሳቅክ» አለ ክንዴ በስፔኪዮው እያየ።

«አልሳቅሁም። ነፋሱ ነው ጥርሴን የገለጠው።»

«ስሟን ያዝክላት?» የልጅቱን መጠሪያ ስም እንዲያወጣ የተሰጠው ለሱ ነበር።

«ይዣለሁ። ደባርቅ በደህና ካገባኸኝ እነግርሃለሁ።»

«እንግዲያ መያዣ አደረግካት በለኛ።»

ሜዳው አለቀ። መንገዱ ወደ ታች ተደፋ፣ ግራው ባዶ ሆነ። የአገኘሁ ሳቅም እዚያው ደረቀ። ገደሉን ያውቀዋል። ግን ሁልጊዜ የሚያየው በቅሎዋ እግሯን መርጣ ስታሳርፍ፣ በቀስታ፣ ከላይ ሆኖ ነው። አሁን ገደሉ ራሱ እየሮጠ የሚመጣ ይመስላል። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ክንዴ «ዘንበል» አለ፤ አገኘሁ ዘነበለ። ሁለተኛው ላይም። ሦስተኛው ላይ የተቀመጠበት ወንበር ከሥሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ተመልሶ ሲቀመጥ ተሰማው። ጥርሱ ተጋጨ።

«ክንዴ፣ በማርያም፣ ቀስ በል» አለ። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም።

ክንዴ አልቀለደበትም። ነዳጁን ቀነሰ። «እሺ ጋሼ። ደባርቅ እስክንገባ አልሮጥም» አለ። አልሮጠምም። ይህን አገኘሁ በኋላ ለማንም ሲናገር ሁልጊዜ ያስቀድመው ነበር፤ ልጁ እየሮጠ አልነበረም።

ክርኑ የሚባለው ኩርባ ላይ ደረሱ። መንገዱ ተራራውን አቅፎ ወደ ቀኝ ድንገት የሚታጠፍበት ነው። ከላይ ያለው ዳገት ጭላዳ ዝንጀሮ የሚውልበት ነው። ሥር ሲቆፍሩ የሚለቁት ድንጋይ እየተንከባለለ መንገድ ላይ ይወርዳል። በዚያ ቀን የሰው ራስ የሚያክሉ ሦስት አራት ድንጋዮች፣ ልክ በኩርባው ውስጥ፣ በዳገቱ በኩል ተቀምጠው ነበር። እስኪታጠፉ ድረስ አይታዩም። ክንዴ ሲያያቸው መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ገደሉ በኩል ሰጠ፤ አለፋቸው። ከዚያ መንገዱን ለመከተል ወደ ቀኝ መለሰና ፍሬን ያዘ። የተቆረጠው ሞላ ያኔ ነው የከዳቸው። ነብሮ አፍንጫዋን ደፋች፣ ኋላዋ ቀለለ፣ የቀኙ ጎማ መሬቱን ለቀቀ።

«ጋሼ ዘንበል» አለ ክንዴ። ጩኸት አልነበረም። ገበያተኞቹን ሁልጊዜ እንደሚላቸው ነው ያለው።

አገኘሁ ሰምቶታል። ቃሉን እስከ ዛሬ ይሰማዋል። ግን ወንበሩ ከሥሩ ተነሣ፤ ልክ በቅሎ የፊት እግሯን ጭቃ ሲከዳት ጀርባዋ እንደሚነሣው። አካሉ ያንን ያውቃል። ሌላ ነገር አላወቀም። ቀኝ እጁ የወንድሙን ጃኬት ለቀቀ፣ ግራ እጁ ብረቱን ለቀቀ፣ እግሩ ተወረወረ፤ ዳገቱ ሥር ቦዩ ውስጥ በጉልበቱ አረፈ።

በደንብ ነው ያረፈው። አርባ ዓመት የተማረው ሰው እንደሚያርፈው።

ቀና ሲል መንገዱ ባዶ ነበር። አቧራ ብቻ ነበር። የሞተሩ ድምፅ ከታች፣ ከማይሆን ቦታ ይመጣል፤ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ። ከላይ አንድ ጭላዳ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል። አገኘሁ ወደ አፋፉ በጉልበቱ ዳኸ። ከዚያ በፊት ፈርቶ አያውቅም ነበር ለማለት ይቻላል። እስከዚያች ሰዓት ፍርሃት ይመስለው የነበረው ሁሉ ፍርሃት አልነበረም።

ጋቢውን ጥሎ ወረደ። ገደሉ እዚያ ቦታ ላይ እርከን እርከን ነው፤ በአራት እግሩ፣ አስታ እየጨበጠ ወረደ። ነብሮ ሦስተኛው እርከን ላይ ተገልብጣ አንዱ ጎማዋ ገና ይዞራል። ክንዴ ከሷ ከፍ ብሎ ሣር ላይ በጀርባው ተኝቷል። ደም ብዙም አልነበረውም። ሆዱ ግን በጣም ቶሎ ቶሎ ይነሣል፣ ይወርዳል። አገኘሁ ያንን ትንፋሽ ከምትሞት በቅሎ ያውቀዋል።

ራሱን አንሥቶ ጭኑ ላይ አደረገለት። ክንዴ ዓይኑን ገልጦ ፈለገው።

«ደህና ነህ?» አለው። መጀመሪያ የጠየቀው ይህንን ነው።

«ደህና ነኝ።»

«ተወርውረህ ነው?»

አገኘሁ የልጁን ፊት አየ። ሰባት ዓመት ሆኖት፣ ጉልበቱ ተልጦ፣ «ዛሬስ በደንብ ዘለልኩ?» እያለ ይጠይቀው የነበረ ፊት ነው።

«አዎ» አለ። «ተወርውሬ ነው።»

ክንዴ ይህን ሲሰማ ፊቱ ላላ አለ። ከዚያ «ስሟስ?» አለ።

«ምሥራቅ።»

«የእማን ስም» አለ ክንዴ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ገብስ የሚወቁት ሰዎች የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ሮጠው ሲደርሱ፣ አገኘሁ የወንድሙን ራስ እንዳቀፈ ነበር፤ ትንፋሹ ግን ቆሟል።

ሰዎቹ ቃሬዛ ሠርተው አወጡት። አንዱ አገኘሁን ከላይ እስከ ታች አየውና አማተበ። ያ ሁሉ ገደል፣ ያ ሁሉ ስብርባሪ፣ እሱ ላይ ግን የተላጠ ጉልበት ብቻ። ወሬው ከሬሳው ቀድሞ ደባርቅ ገባ፤ መልአክ አንሥቶ አወጣው ተባለ። የክንዴ የንስሐ አባት አባ ሀብተ ሚካኤል መስቀላቸውን አሳልመውት፣ «ልጄ፣ የተረፍከው በምክንያት ነው፤ አመስግን» አሉት። አገኘሁ ራሱን ዝቅ አደረገ። አልወረድሁም ብሎ አልዋሸም። ወርጃለሁ ብሎም አልተናገረም። በየሰው አፍ መልአኩ እየተነሣ ሲወራ፣ አንድ ሰው ድንገት ዞሮ «ቆይ፣ እንዴት ነው የወረድከው?» ይለኛል እያለ ይጠብቅ ነበር። ማንም አልጠየቀውም።

ከዚያ ሽማግሎቹ ተቀመጡ። ስጦታ ገና አልሰማችም። ነገ ልጅቱ ሰማንያ ቀኗ ነው። ሰማንያ ቀን አይተላለፍም። እናቲቱ አሁን ከተረዳች ፊቷን ትነጫለች፣ ወተቷ ይደርቃል፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆማ ልጇን ማስጠመቅ አትችልም። ስለዚህ ጥምቀቱ ይቅደም፣ መርዶው ይከተል ተባለ። ከዳባት የመጣችው እናቷ ደብሪቱም፣ መቀነቷን ነክሳ፣ ይሁን አለች። ለስጦታ ነብሮ ቡይት ራስ ላይ ተበላሽታ ክንዴ ሲሠራት እንደሚያድር ተነገራት። አገኘሁን ወደ ቤቷ እንዳትሄድ አሉት፣ ፊትህ ይናገራል። ያርጋል ቤት አደረ።

ሌሊቱ ሲነጋ ማርያም ደጅ ላይ ስጦታ አየችው። ነጭ ለብሳ፣ ልጇን ታቅፋ፣ ተቀብታ፣ አምራ ነበር። በዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የምታልፍበት ሁሉ ዓይኑን ይጥላል።

«ጋሼ፣ እንዴት መጡ? እሱስ?» አለችው።

ደብሪቱ ፈጥና «በእግራቸው መጡ፤ እሱ እየደረሰ ነው» አለች።

ስጦታ ሳቀች። «አሳፈረኝ አይደል? በቃላቸው ያዝኳቸው ሲለኝ ነበር። እስኪ አንዴ ይያዙልኝ፣ ነጠላዬን ላስተካክል» ብላ ልጅቱን ሰጠችው።

አገኘሁ እጁን ሲዘረጋ እጁን አላመነውም። ያ እጅ ትናንት ምን እንዳደረገ ያውቃል። ያዛት። አሥሩም ጣቱ እስኪነጣ ያዛት፤ ትንፋሹን ውጦ፣ ይህች ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ ብትወራጭ እለቃት ይሆን እያለ። ልጅቱ አልተወራጨችም። ዓይኗን ገልጣ አየችው። ስጦታ መልሳ ስትቀበለው ላብ በጀርባው ላይ ይወርድ ነበር።

ጥምቀቱ ተፈጸመ። ካህኑ ሜሮን ቀቧት፣ ማዕተብ አሰሩላት፣ ወለተ ማርያም ተባለች። ቅዳሴ ሲያልቅ ስጦታን አጅበው ወደ ቤቷ መለሷት። ደጇ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ወንዶቹ ቆመዋል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱ አንገታቸው ላይ ሆኗል። አለባበሳቸው ብቻውን መርዶ ነበር። ስጦታ ልጅቱን ለእናቷ ሰጠችና ተቀመጠች፣ እዚያው መሬት ላይ።

በስምንት ሰዓት፣ ጠዋት ልጅቱ በተጠመቀችበት ደብር፣ ክንዴ ሊቀበር ሲል፣ ሙሾ ተወረደ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሁሉ ክላክሳቸውን እየነፉ መጥተው ከቅጥሩ ውጭ ቆመዋል። ያርጋል ክንዴ በጥምቀት በዓል ነብሮን በሁለት ጎማ ያቆመበትን ዕለት አነሣ፣ ሰው አለቀሰ። ከዚያ አገኘሁስ፣ ያሳደገው እሱ ነው፣ ይበል እንጂ አሉ። አገኘሁ መሃል ገባ። ሊል ያሰበው ስለ ልጅነቱ ነበር። አፉ ላይ የመጣው ሌላ ሆነ፤

«ባለ ሦስት እግሩ በቅሎ መስሎኝ ለኔ፣
ዘልዬ ስወርድ ገደል ገባ ጎኔ።»

ሰው ሁሉ «አዬ» ብሎ ደረት መታ። ጥሩ ግጥም ነው ተባለ። ለአልቃሽ እንዲህ ዓይነት አነጋገር ያለ ነው፤ ሰው በሐዘኑ ራሱን ይከሳል። አባ ሀብተ ሚካኤልም እንባቸውን ጠረጉ። ስጦታ ግን ማልቀሷን አቆመች። ቀና ብላ አየችው፤ ሬሳው እስኪነሣ ድረስ ዓይኗን ከሱ ላይ አላነሣችም።

በሠልስቱ፣ ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ ጠራችው። ልጅቱን እያጠባች ነበር። አገኘሁ ደጃፉ ላይ ቆመ። አሁን ጉልበቱን የሚሸፍንበት ጋቢ የለም፤ ክርኑ ኩርባ ላይ ቀርቷል።

«ጋሼ» አለች፣ «ወርደው ነው ወይስ ተወርውረው?»

ተወርውሬ ነው ብሎ አንድ ጊዜ ተናግሮታልና ቃሉ አፉ ላይ ዝግጁ ነበር። ከተማው ሁሉ መልአኩን ይመሰክርለታል። ይህችን ልጅ በየወሩ የማየት ተስፋው፣ ከአባቱ ቤት የቀረችው አንዲት ነፍስ፣ በዚያ መልስ ላይ ናት። ልጅቱን አየ።

«ወርጄ ነው» አለ። «ዘንበል በል አለኝ፤ ሰምቼዋለሁ። አካሌ ግን ወረደ። ካልወረድክ አትወድቅም ብሎኝ ነበር።»

ስጦታ ነጠላዋን በልጅቱ ላይ ሳበች።

«እሱ ያውቃል?»

«አያውቅም። ሲጠይቀኝ ተወርውሬ ነው አልሁት።»

«እንኳን አላወቀ» አለች። ልጅቱን ከአንዱ ጡቷ ወደ ሌላው አዛወረቻት። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አገኘሁ ቆሞ ጠበቀ፤ ሂዱም፣ ተቀመጡም አላለችውም።

ነብሮን በሳምንቱ አሥራ ሁለት ሰዎች በገመድ ጎትተው አወጧት። ሞተሯ አልተጎዳም ነበር፤ ያርጋል ሌላ ባጃጅ ላይ ገጥሞት እስከ ዛሬ ከደባርቅ ዳባት ይሠራበታል። ልጅቱ ምሥራቅ ክንዴ ትባላለች። አገኘሁ ዳማን ሸጦ፣ በየወሩ በሃያ አንድ፣ ከቡይት ራስ ደባርቅ በእግሩ ይወርዳል፤ ስጦታ በሩን ትከፍትለታለች፣ ልጅቱን ግን እስካሁን አላስያዘችውም።